ተመልሶ የመጣው እድፍ

መርማሪው በሥራ ዘመኑ የጠፋ መኪና፣ የጠፋ ሙሽራ፣ አንድ ጊዜም ከነመቆሚያው የጠፋ ሐውልት ፈልጓል። ምንም ነገር ያልጠፋበት ቤት ለምርመራ ሲጠራ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ደብዳቤው ይኸው አለ አይደል?» አለ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋችውን ገጽ በአገጩ እያመለከተ። በእጁ እንዳያመለክት ተነግሮታል።

«አለ» አለች የወረቀት ጠጋኟ።

«አልተቀደደም፣ አልተቃጠለም።»

«አልተቀደደም።»

«ታዲያ ምን ሆነ ነው የሚሉኝ?»

«ቆሽሿል።»

መርማሪው እስክርቢቶ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። ባዶ ነው። እስክርቢቶውን ዘበኛው በር ላይ ተቀብሎታል። እዚህ ቤት ቀለም ያለው ነገር አይገባም፤ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው። ለእሱ የደረሰችው እርሳስ ደግሞ አውራ ጣት የማታክል፣ ጫፏ የዶለዶመ ናት። እጁንም ሁለት ጊዜ አስታጥበውታል። ሁለት የቤት ሰበራ መዝገብ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትቶ የመጣው ለዚህ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የቆዩ ሰነዶችና የቤተሰብ ወረቀቶች የሚታደሱበትና እውነተኛነታቸው የሚመረመርበት ነው። የማደሻው ክፍል ረጅም ነው፤ በአንድ ወገን ጥልቀት የሌላቸው ሰፋፊ የውሃ ትሪዎች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን አናቱ ላይ መዘውር ያለው የብረት መጭመቂያ ቆሟል። ጠጋኟ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ጥፍሯን ከሥሩ የቆረጠች፣ ስትናገር ድምጿን የምትቆጥብ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ሐኪሟ» ይሏታል። እዚህ የገባ ወረቀት ሁሉ እንደ ሕመምተኛ የራሱ ካርድ አለው፤ የዚህን ደብዳቤ ካርድ አውጥታ ሰጠችው።

«ማክሰኞ። ከግርጌ በስተቀኝ የሻይ ብርጭቆ እድፍ። በሦስት ውሃ ታጥቦ ለቅቋል» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ ሌላም ነገር ሰፍሯል፤ እሱን ለማንበብ መርማሪው ትዕግስት አልነበረውም።

ቀና ብሎ ደብዳቤውን አየ። ከግርጌ በስተቀኝ፣ የብርጭቆ ቂጥ ያረፈበት የሚመስል ቡናማ ግማሽ ክብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እድፍ ተመልሶ ይመጣል እንዴ?»

«የሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል።» ጥቂት አሰብ አደረገች። «የኔ አይመጣም።»

ከዚያ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳችው። ማክሰኞ አጥባ መጭመቂያው ውስጥ አስገባችው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አውጥታ አቃፊው ውስጥ አኖረችና ልጇን ክሊኒክ ልትወስድ ወጣች። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት አቃፊውን ስትከፍት እድፉ ተቀምጦ ጠበቃት። እጇን ሰብስባ ስልክ አነሳች። ይህ ወረቀት እሷ ያጠበችው አይደለም። አንድ ሰው የታጠበውን ወስዶ ቅጂ ተክቷል። ቅጂውን የሠራው ሰው የተመለከተው ደግሞ የቆየ ፎቶግራፍ ነው፤ እድፉ እንደለቀቀ አላወቀም።

መርማሪው ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማንም ይህን ወረቀት እንዳይነካ አዘዘ። እሷም ጭምር። ከዚያ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ልጄ ማሙሽ፤ ይህን ስታነብ ትምህርት ቤት ገብተሃል ማለት ነው። እኔ ሩቅ አገር ወንዝ ልለካ ሄጃለሁ። ደብተርህን በንጽህና ያዝ። ያልገባህን ጠይቅ። ስትወድቅ ተነስ፤ ማን እንዳየህ ዞረህ አትመልከት። እህትህን ስማ። አባትህ።»

ጸሐፊው ቀያሽ ነበር። ከስልሳ አራት ዓመት በፊት ወንዝ ሊለካ ወጥቶ አልተመለሰም። ማሙሽ የተባለው ልጅ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሙዚየም መኪና መጥቶ የቀያሹን መሣሪያዎች፣ የመስክ ደብተሮቹንና ይህን ደብዳቤ ይወስዳል። ደብዳቤው የአዲሱ አዳራሽ መሃል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚሰቀለው ግን እውነተኛ ነው ተብሎ ከተፈረመበት ብቻ ነው።

«ማን ነው የሚፈርመው?»

«ዛሬ ጠዋት ተፈርሟል» አለች ሐኪሟ፣ ወደ ጎረቤት ክፍል ሳታይ።

ጎረቤት ያለው አረጋጋጭ ረጅም፣ ቀጭን፣ አጉሊ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። መርማሪው የመጣበትን ሲነግረው በረጅሙ ተነፈሰ። ያቺ ሴት በሕልሟም እድፍ ነው የምታየው አለ። የፈረመው አጣርቶ ነው። የደብዳቤው ወረቀት የዚያ ዘመን ቀያሾች ከሚይዙት የመስክ ደብተር ጋር በውፍረትም በጭረትም አንድ ነው። እጅ ጽሑፉንም ከቀያሹ ደብተሮች ጋር አርባ አንድ ቦታ ላይ አመሳክሮታል፤ አርባ አንዱም ገጥሟል።

«ቀለሙስ?»

«ቀለሙን ለመፈተሽ አንዲት ጠብታ ማንጠብጠብ አለብኝ። አትፈቅድልኝም። እሷ ወረቀቱን እንደ ካልሲ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፈው ግን ሕክምና ነው።»

መርማሪው መሳቢያዎቹን እንዲከፍት ጠየቀው። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ምንም ያልተጻፈባቸው፣ በዕድሜ ብዛት የወየቡ ወረቀቶች ተነባብረዋል። ከዚያ ዘመን የቀሩ ባዶ ወረቀቶች ናቸው። አስመሳይ ሰው የሚመኘው ይህንኑ ነው። መርማሪው ከቀኑ ሁሉ ደስ ያለው ይህቺን ጊዜ ብቻ ነበር።

ደስታው አልቆየም። ወረቀቶቹ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡ፣ አንድ በአንድ ቁጥር ያላቸው ናቸው፤ ቢቆጠሩ አንድም አልጎደለም። ረቡዕ ከሰዓት ሰውየው ሙዚየም ውስጥ ከስድስት ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብቻውን አልነበረም። በዚህ ቤት ደንብ አቃፊ በአንድ ሰው ፊት አይከፈትም፤ ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ ዘበኛው ነው።

ዘበኛው ስለ እስክርቢቶው የተጠየቀ መስሎት፣ ስትወጣ እመልስልሃለሁ አለ። መርማሪው ስለ እስክርቢቶው አይደለም አለው።

«አቃፊው ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። ረቡዕ እኩለ ቀን፣ ዛሬ ጠዋት፣ ዛሬ ከሰዓት። ሦስቱንም ጊዜ አጠገቡ ነበርክ?»

«አራት ጊዜ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ቤተሰብ መጥቶ ጠይቆታል።»

«ማንን?»

«ደብዳቤውን።»

ዘበኛው እየቀለደ አልነበረም። ሐኪሟ ያመጣችው ልማድ ነው። የቤተሰብ ወረቀት ለወራት እዚህ ስለሚቆይ ባለቤቶቹ ይናፍቁታል፤ ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ ጣቱን አስቀመጠበት። የሚገባና የሚወጣ ነገር ሁሉ በየፈርጁ ተጽፏል።

«ረቡዕ፣ ስምንት ተኩል። እህት። ይዘው የገቡት፦ አንድ ቦርሳ፣ አንድ መሐረብ፣ አንድ የመነጽር ቤት፣ ሦስት ከረሜላ። ይዘው የወጡት፦ አንድ ቦርሳ፣ አንድ መሐረብ፣ አንድ የመነጽር ቤት፣ ሁለት ከረሜላ።»

«ቦርሳውን ፈትሸሃል?»

«እስከ ስፌቱ።»

«አንዱ ከረሜላ የት ገባ?»

ዘበኛው አንገቱን አከከ። «ለኔ ሰጡኝ።»

መርማሪው በዶለዶመችው እርሳስ «ከረሜላ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የጻፈውን አይቶ በራሱ ተናደደ።

አርብ ጠዋት ወንድምና እህት አብረው ወደሚኖሩበት ቤት ሄደ። ሳሎኑ ውስጥ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ደብዳቤው ነው፤ ፎቶግራፉ የመስኮት ያህል ተልቆ፣ ከነእድፉ በክፈፍ ተሰቅሏል። ርዕሰ መምህሩ ክራቫት ያሰሩ፣ ቆመው ማውራት የሚቀናቸው ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ የትምህርት መክፈቻ ቀን ለተማሪዎቻቸው ይህን ደብዳቤ አንብበዋል። በቃሉ የማያውቀው ተማሪ የለም።

መርማሪው የያዘው ግምት ነበረው፤ ሰውየው ዋናውን ቤታቸው አስቀርተው ለሙዚየሙ ቅጂ ሊሰጡ አስበው ይሆናል። ሐሳቡን ጫፍ ጫፉን ሲነካካ ርዕሰ መምህሩ ገባቸው፤ አልተቆጡም። ረቡዕ ከሰዓት አንድ ትምህርት ቤት ተጋብዘው ሦስት መቶ ተማሪዎች ፊት እየተናገሩ ነበር። የተናገሩትም ደብዳቤውን ነው። የተቆጡት እድፉ መታጠቡን ሲሰሙ ነው።

«ማን እጠቡልኝ አለ? ያ እድፍ እኮ የኔ ነው። ደብዳቤውን ባገኘሁ ቀን ሻዬን አስቀመጥኩበት። አባቴና እኔ አንድ ቦታ ላይ የተገናኘነው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነው።»

መርማሪው የተሰረቀ ነገር አለ ሲል እሳቸው ስለ ሻይ ያወራሉ። እንዲቀመጡ ለመናቸው። ተቀመጡና ድምፃቸው ዝቅ አለ። የአባታቸውን መልክ አያውቁትም። ያለቻቸው አንዲት ፎቶግራፍ ላይ የባርኔጣው ጥላ ፊቱን ሸፍኖታል።

«የማውቀው ንግግሩን ነው። እሱም ያ የተሰቀለው ነው። የሱ አይደለም ካሉኝ አባት አልነበረኝም ማለት ነው።»

በሩ ተከፈተና ታላቅ እህታቸው ገቡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ መነጽራቸው በክር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አንስተው አደረጉና የመርማሪውን መታወቂያ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ልጄ፣ አንተ ፖሊስ ነህ ወይስ ልብስ አጣቢ?»

«እታለም» አሉ ወንድማቸው በተማጽኖ። ወደ መርማሪው ዞረው ይቅርታ ጠየቁላቸው። እህታቸው ደብዳቤው ከቤት እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ለምነው ነበር፤ እልኸኛ ናቸው። ግን በዚህ ቤት የእሳቸውን ያህል የደከመ የለም። አባታቸው ከመስክ ሲመለስ ጭቃ የነካውን ማስታወሻ ሁሉ በንጹህ ይገለብጡለት የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመት...

«ማሙሽ፣ ሰውየው የመጣው ስለ ሻይ ነው።»

ረቡዕ ምን እንዳደረጉ ሲጠየቁ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አይቼው መጣሁ አሉ። ምን አዩ ሲባሉ ደብዳቤ አሉ። መርማሪው ተነሳ። ሲወጣ ከኋላው ወንድማቸውን ክራቫትህ ጠሟል ሲሏቸውና ወንድማቸው አልጠመመም ሲሉ ሰማ።

ከሰዓት በፊት ወደ ማደሻው ተመልሶ፣ ሪፖርት ሊጽፍ ካርዱን መገልበጥ ጀመረ። እስከ ሦስት ውሃው ጻፈ። ከዚያ ወደ ደቃቁ መስመር ደረሰ። «በብርሃን ሲታይ የመርከብ ምልክት አለበት።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሐኪሟ አስረዳችው። አንዳንድ ፋብሪካ ወረቀቱን ሲሠራ ውስጡ ምልክት ይተዋል፤ ወደ ብርሃን ካልተያዘ አይታይም። ማክሰኞ እርጥቡን ወረቀት ወደ መስኮት ስታነሳ መርከብ አይታለች። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እንድታነሳው አዘዘ። በሁለት እጇ ይዛ መስኮቱ ላይ አስጠጋችው። መርከብ የለም። ምንም የለም።

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳልነካው ከለከሉኝ። ካርዱንም ሰጥቼዎት ነበር» አለች፣ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። «ያነበቡት መስሎኝ።»

መርማሪው ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ።

አረጋጋጩ የወረቀት ምልክቶች መዝገብ ይዞ መጣ። ጣቱ ገጹ ላይ ሲወርድ ቆይቶ አንድ ቦታ ቆመ፤ ሰውየውም ከጣቱ ጋር ቆመ። የመርከብ ምልክት ያለው ወረቀት መሠራት የጀመረው ቀያሹ ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከትሪዎቹ አንዱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እስቲ እኔ ልድገመው» አለ መርማሪው። «የጠፋው ደብዳቤ የአባትየው ሊሆን አይችልም። እሱ ሲሄድ ወረቀቱ ገና አልተሠራም። ይሄ የተተካው ግን በሱ ዘመን ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው። ማለትም ሌባው የውሸቱን ወስዶ የተሻለ ውሸት ትቶልናል።»

«እኔም ፈርሜበታለሁ» አለ አረጋጋጩ።

ሐኪሟ እጅ ጽሑፉስ ብላ ጠየቀች። አረጋጋጩ ሲያየው የሁለቱም አንድ ነው፤ የተተካው ከወረቀቱ፣ የጠፋው ከፎቶግራፉ። አርባ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው አይሳሳትም።

«ያመሳከሩት ከየትኛው ጽሑፍ ጋር ነው?» አለ መርማሪው።

«ከመስክ ደብተሮቹ። ከራሱ ደብተሮች።»

መርማሪው ደብተሮቹን አስመጣ። አንዱን ገለጠ፣ ሌላውን ገለጠ። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል፤ መስመሩ አይዛነፍም፤ ገጹ ነጭ ነው። በሕይወቱ ሙሉ ረግረግ ውስጥ ወንዝ ሲለካ የኖረ ሰው ደብተር ላይ አንዲት የጭቃ ነጥብ የለችም። በንጹህ ይገለብጡለት የነበሩት እህትየዋ ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ነግረውት ነበር። አረጋጋጩ አርባ አንድ ጊዜ ያመሳከረው የአንዲት ሴትን እጅ ከራሷ እጅ ጋር ነው።

ከዚያ የተቀረው በራሱ ጊዜ መጣ። የእህትየዋ መነጽር በክር ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለ ሰው የመነጽር ቤት ምን ያደርግለታል?

«ስለ ወረቀቱ ምልክት ግን በምን አወቁ?» አለ ለራሱ።

ሐኪሟ ቀላች። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ሴትዮዋ ሲመጡ ዝም ብለው እንዳይቀመጡ ብላ፣ የሌላ ቤተሰብ ወረቀት ወደ መስኮት ይዛ እንዴት ዕድሜው እንደሚታወቅ አሳይታቸው ነበር። በጣም ተገርመው ነበር አለች። ሦስት ጊዜ እንድታሳያቸው ጠይቀዋታል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሲሄድ ርዕሰ መምህሩ ልብስ ሰፊ ጋ ናቸው። እህታቸው በሩን ከፍተው አዩትና ወደ ጓዳ ክፍላቸው አስገቡት።

«የመነጽር ቤትዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ወዳለው መነጽር ላኩ፤ ጥቂት ያዙት። ከዚያ መሳቢያ ስበው ጥቁር የመነጽር ቤት አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ንጹሕ ነው።

«ለዘበኛው ከረሜላ ሰጠሁት። ከረሜላውን እስኪልጥ ድረስ ለወጥኩት። ዓይኔ እሱ ላይ ስለነበር ወረቀቱን አላየሁትም። ቤት ገብቼ ስከፍተው እድፉ የለም። እዚሁ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እድፍ ይታጠባል ብሎ ማን ያስባል?»

ቅጂውን የሠሩት ሳሎን ከተሰቀለው ክፈፍ እያዩ ነው። ወረቀቱን የቆረጡት ከሳቸው ዘንድ ከቀረ ባዶ የመስክ ደብተር ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አራት ገጽ ተበላሽቶባቸዋል። የእድፉን ልክ ለማግኘት ሦስት ብርጭቆ ሞክረዋል፤ ወንድማቸው ጽሑፉ ቢለወጥ ላያስተውሉ ይችላሉ፣ እድፉ ከሌለ ግን ያውቃሉ።

«የመጀመሪያውን ለምን ጻፉት?»

«ትምህርት ቤት በገባ ቀን ልጆቹ ሁሉ አባቴ እንዲህ አለኝ፣ አባቴ እንዲህ አለኝ ይላሉ። አንተንስ ሲሉት የሚለው አጣ። መጥቶ አልጋ ሥር ገባ። ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሱቅ አንድ ወረቀት ገዛሁና ጻፍኩለት። ጉልበቴ ላይ አሸሁት፣ አጠፍኩት፣ ከአባቴ ሣጥን አገኘሁ ብዬ ሰጠሁት። ሰኞ ብቻውን ሄደ።» የመነጽሩን ቤት ከፍተው ዘጉት። «ከወር በኋላ ይረሳዋል ብዬ ነበር። እሱ ክፈፍ አስገባው።»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ አልነገሯቸውም?»

«መቼ ልንገረው? በስድስት ዓመቱ? ሦስት መቶ ተማሪ ፊት ቆሞ ሲያነበው?»

መርማሪው የወንጀል ሕጉን በአእምሮው ገለበጠው። ሴትዮዋ የወሰዱት በገዛ እጃቸው የጻፉትን፣ ከገዛ ቤተሰባቸው አቃፊ ነው። የተኩትም የገዛ እጃቸውን ጽሑፍ ነው። ሊከሳቸው የሚችል ሰው ቢኖር ያጣው ነገር መኖሩን እንኳ የማያውቅ ወንድማቸው ነው። ይህን ያህል የተፈታና ይህን ያህል ምንም የማይደረግበት ጉዳይ ገጥሞት አያውቅም።

«ነገ በውሸት ፊርማ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። ዝም ልል አልችልም።»

«እሱስ ምን ይቀረዋል?»

መርማሪው በራሱ ተበሳጨ። ሲናገር ግን በሳቸው የተቆጣ መሰለ። ከሦስት ሰዓት በፊት ወይ እርስዎ ይንገሯቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ስናገር ደግሞ አያምርብኝም አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አዲስ ሱፍ ለብሰው ከእህታቸው ጋር መጡ። መርማሪው የሴትዮዋን ፊት አይቶ እንዳልነገሯቸው አወቀ። ከታች የሙዚየሙ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ርዕሰ መምህሩ የታጠበው ደብዳቤ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁ። መርማሪው አፉን ሊከፍት ሲል እህታቸው የመነጽሩን ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ማሙሽ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ቅጂውን ማለትሽ ነው።»

«ሁለቱንም።»

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ፤ ቀልዱን የሚያስረዳቸው ሰው እንደሚፈልጉ ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። አረጋጋጩ አጉሊ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ነበር። ፈገግታቸው ሳይጠፋ ወረቀቱን ከመነጽሩ ቤት አውጥተው ዘረጉት፤ እህታቸው ሲያመለክቷቸውም ወደ መስኮቱ ያዙት። መርከቧ ወጣች፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የተሠራው አባታቸው ከሄደ በኋላ መሆኑን አረጋጋጩ ነገራቸው። በባዶ እጃቸው ነበር የያዙት። ሐኪሟ አየች፤ አልከለከለችም።

«‹ስትወድቅ ተነስ› ያልሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ማን እንዳየህ ዞረህ አትመልከት›?»

«እሱንም።»

ርዕሰ መምህሩ ወንበር ሳይፈልጉ የውሃ ትሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ሱፍ ረጠበ። ስልሳ ዓመት ከማን ጋር ነው ያወራሁት አሉ፤ የጠየቁት ማንን እንደሆነ አይታወቅም። እህታቸው ጠጋ አሉ እንጂ አልነኳቸውም። ከታች ጥሩምባው ሁለተኛ ተነፋ።

ቀና አሉ። «‹እህትህን ስማ› የሚለውስ?»

«እዚያ ላይ ትንሽ ለራሴ አደላሁ» አሉ እህታቸው። «ምን ዋጋ አለው። ከደብዳቤው ሁሉ ያልፈጸምከው እሱን ብቻ ነው።»

ከርዕሰ መምህሩ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ። መርማሪው ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ሊለየው አልቻለም፤ ፊቱን ወደ መጭመቂያው አዞረ።

አረጋጋጩ ፊርማውን ሰረዘ። የደብተሮቹም መግለጫ ላይ «በልጅቷ እጅ የተገለበጠ» ብሎ ጨመረ፤ ይህን ሲጽፍ ማንም አልጠየቀውም። መኪናው መሣሪያዎቹንና ደብተሮቹን ጭኖ፣ መሃል ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ሳይዝ ሄደ።

በር ላይ ዘበኛው መዝገቡን ዘርግቶ ጠበቃቸው። የመነጽሩን ቤት ተቀብሎ ከፈተ፤ እንደገና አየ፤ ከረሜላዋ ትዝ ሳትለው አልቀረችም። ሁለት ወረቀት ብሎ መዘገበ። ከዚያ ቆመ። ከዚህ ቤት ጸሐፊው ያልተመዘገበ ወረቀት አይወጣም።

«የጻፈው ሰው?»

«ያልታወቀ በል» አሉ ሴትዮዋ ወዲያው።

«ይታወቃል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ከዘበኛው እጅ እስክርቢቶውን ወሰዱ። ዘበኛው መዝገቡ ላይ ከሱ በቀር ማንም እንደማይጽፍ ሊያስረዳ ጀመረ፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ አርባ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፉበት ትልልቅ ፊደል «እህቴ» ብለው ጻፉ። ከሥሩም ያንኑ ደገሙት፤ ወረቀቱ ሁለት ነበር።

የጻፉበት እስክርቢቶ የመርማሪው ነበር። ይመለስልኝ ሲል ዘበኛው በቅድሚያ መቀበልህን ፈርም አለው። መርማሪው እንደቆመ ፈረመ። ከዚያ የራሱን ሪፖርት አውጥቶ «የጠፋ ንብረት» የሚለውን ባዶ ቦታ ሲያይ ቆየ፤ ምንም ሳይጽፍ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወንድምና እህት መንገዱን ይዘው ይወርዱ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ ብለው ይሄዳሉ፤ የሱፋቸው ጀርባ እርጥብ ነው።

«ማሙሽ፣ ዳሩን ያዝ። መኪና አለ።»

ርዕሰ መምህሩ ዞረው አላዩም። ዳሩን ያዙ።